የቱታ ወጥመድ በሳፋና በሳሙና፦ ፌሮሞኑ እንዲሠራላችሁ ደረጃ በደረጃ

ቲማቲም ከሚያለሙ ሰዎች ሁለት ጥያቄዎች ደጋግመው ይደርሱኛል። አንደኛው «ፌሮሞኑን በውድ ገዝቼ ሰቀልኩት፣ አንድም ነገር አልያዘልኝም» የሚል ነው። ሁለተኛው ደግሞ «ወጥመዱ በየቀኑ ይሞላል፣ ቲማቲሜ ግን ከመበላት አልዳነም» ይላል። በመቂና በባቱ ዙሪያ በሄክታር ከሚያለማው ጀምሮ ጓሮው ውስጥ ጥቂት እግር እስከተከለው ድረስ ጥያቄው ያው ነው። መልሱም ያው ስለሆነ እዚህ አንድ ላይ አስቀምጬዋለሁ።

የምናወራው የቲማቲም ተባይ ስለሆነችው ቱታ አብሶሉታ ነው። በአጭሩ ቱታ እንበላት። ትሏ ቅጠሉ ውስጥ ገብታ ሥጋውን ትበላለች፣ ቆዳውን ትተዋለች። ሲብስ ግንዱንና ፍሬውን ትበሳለች። ስታድግ ትንሽ ግራጫ የእሳት እራት ሆና ትበራለች። ወጥመዳችን የሚይዘው ይቺን የምትበረውን ነው፤ ከእነሱም ወንዶቹን ብቻ። ለምን ወንዶቹን ብቻ እንደሆነ ሳይገባችሁ ወጥመድ ብትሰቅሉ ቦታውንም፣ ጊዜውንም፣ ቁጥሩንም ትስታላችሁ። ስለዚህ መጀመሪያ እሱን እንጨርስ።

ሽታው እንዴት ነው የሚሠራው?

ሴቷ ቱታ ወንድ ፍለጋ አትዞርም። ሊነጋጋ ሲል ቅጠል ላይ ትቀመጥና የሆዷን ጫፍ ወደ ውጭ ትገፋለች። እዚያ ካለው ዕጢ ሽታ ይወጣል። ይህ ሽታ ፌሮሞን ይባላል። እኛ አፍንጫችንን አስጠግተን ብናሸት ምንም አይሸተንም። ወንዱ ግን ከሩቅ ያገኘዋል፤ የሚያገኘውም በሁለቱ ቀጫጭን አንቴናዎቹ ነው።

የዕጣን ጭስ በነፋስ እየተቆራረጠ በበር ሲወጣ አስቡት። የሴቷም ሽታ የሚጓዘው እንደዚያ ነው፤ ቀጥ ያለ መስመር የለውም። ወንዱ አንድ ቁራጭ ሽታ ሲያገኝ ነፋሱ ወደመጣበት አቅጣጫ ይበራል። ሲጠፋበት ወደፊት መሄዱን ትቶ ግራና ቀኝ እየተወዛወዘ ይፈልጋል። እንደገና ሲያገኝ እንደገና ወደፊት። እንዲህ ግራና ቀኝ እያለ ሴቷ ጋ ይደርሳል።

የተሳሳተች ሴት ጋ እንዳይደርስ የሚረዳው የሽታው ቅልቅል ነው። የቱታ ሽታ ከሁለት ኬሚካሎች የተሠራ ነው። ከ100 እጅ 90 ገደማው አንደኛው ነው፤ 10 ገደማው ሁለተኛው። ሌሎች የእሳት እራቶች የራሳቸው ኬሚካልና የራሳቸው መጠን አላቸው። የበቆሎ ተምች ወንድ በቱታ ሽታ አይመጣም፣ የቱታ ወንድም ለተምች በተሠራው አይመጣም። ሱቅ ሄዳችሁ «የትል ፌሮሞን ስጡኝ» ማለት የማይሠራው ለዚህ ነው።

የምትገዙት ፌሮሞን ይህንኑ ሽታ በፋብሪካ ሠርተው ትንሽ ጎማ ውስጥ ያስገቡት ነው። ብዙዎቹ ጎማዎች የያዙት ከ1 ሚሊግራም በታች ነው። በየቀኑ ጥቂት ጥቂት እየተነነ ይወጣል። ባጭሩ ጎማው ማሳችሁ ውስጥ የቆመች ሐሰተኛ ሴት ነው። ከዚህ ሦስት ነገር ይከተላል፤ ከታች ያሉት ደረጃዎች ሁሉ ከእነዚህ የመጡ ናቸው።

አንደኛ፣ ወንዱን ብቻ ይጠራል። እንቁላል የምትጥለው ሴቷ አትመጣም።

ሁለተኛ፣ ጎማው ከእውነተኞቹ ሴቶች ጋር ይወዳደራል። ሴቶቹ ጥቂት ሲሆኑ ያሸንፋል። ማሳው በሴት ከተሞላ በኋላ ግን ወንዱ ወጥመዳችሁ ሳይደርስ መንገድ ላይ ሌላ ያገኛል።

ሦስተኛ፣ ሽታው የሚሄደው ነፋሱ በወሰደው በኩል ብቻ ነው።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- የቱታ አብሶሉታ ፌሮሞን ጎማ፤ ማሸጊያው ላይ የነፍሳቱ ስምና የአገልግሎት ማብቂያ ቀን የተጻፈበት
- 6 ወይም 8 ሊትር የሚይዝ ዝቅ ያለ ሰፊ ሳፋ። ጄሪካን በቁመቱ ለሁለት ቢቆረጥም ይሆናል። ቢጫ አይሁን
- ንጹሕ ውሃ
- ፈሳሽ የዕቃ ሳሙና (ላርጎ ይበቃል)፤ ሽታው ቀለል ያለ ቢሆን ይሻላል
- በሳፋው አፍ ላይ የሚጋደም ጠንከር ያለ ሽቦና ጎማውን የሚያንጠለጥል ቀጭን ሽቦ
- ከፕላስቲክ የተቆረጠ ትንሽ ጣሪያ፤ የዘንባባ ባርኔጣ የምታህል ትበቃለች
- ጓንት፤ ከሌለ ንጹሕ ያልተነካ ፌስታል
- የሻይ ማጥለያና ነጭ ሳህን
- ሁለት ጡብ ወይም ጠፍጣፋ ድንጋይ
- ደብተርና እስክሪብቶ

ሱቅ ውስጥ ሙጫ የተቀባ የካርቶን ወጥመድም ታገኙ ይሆናል። ይሠራል። ግን አቧራ በሚበዛበት ቆላ ሙጫው ቶሎ በአቧራ ይሸፈንና መያዙን ያቆማል። እኔ ለሜዳ ማሳ የውሃውን እመርጣለሁ፤ ርካሽ ነው፣ ብዙ ይይዛል፣ አቧራም አይበግረውም።

ደረጃ 1፦ ቱታ መሆኗን አረጋግጡ

ቅጠል የሚሰረስር ሁሉ ቱታ አይደለም። አንድ የተጎዳ ቅጠል ቁረጡና ወደ ፀሐይ አንሥታችሁ አሳልፋችሁ እዩት። ቱታ ከሆነች ሰፋ ያለ፣ ቅርጽ የሌለው፣ የነጣ ቦታ ታያላችሁ። በውስጡ ጥቁር የኩስ ክምር ይታያል፤ ብዙ ጊዜ ትሏ ራሷ ስትንቀሳቀስ ትታያለች። ቅጠሉን በጥፍራችሁ ብትከፍቱት ከ1 ሴንቲ ሜትር የምታንስ፣ አረንጓዴ ወይም ወደ ሮዝ የሚያደላ ቀለም ያላት ትል ትወጣለች። ከጭንቅላቷ በስተኋላ ጠቆር ያለ ቀጭን መስመር አላት።

ቅጠሉ ላይ ያለው ምልክት እንደ እባብ የተጠማዘዘ ቀጭን ነጭ መስመር ከሆነ ግን ያ ሌላ ነው፤ የቅጠል ሰርሳሪ ዝንብ ሥራ ነው። የቱታ ፌሮሞን ለዝንቡ ምንም አያደርግም። እዚህ ጋ የተሳሳተ ሰው የቀረውን ሁሉ በትክክል ቢሠራም ወጥመዱ ባዶ ይሆንበታል።

ደረጃ 2፦ ጎማውን ስትገዙና ስታስቀምጡ

የማብቂያ ቀኑን እዩ። ማሸጊያው የተከፈተ ወይም የተቀደደ ከሆነ አትግዙ፤ ሽታው ወጥቶ አልቋል። ፀሐይ የሚመታው መደርደሪያ ላይ የከረመ ዕቃም ያው ነው።

ቤት እንደደረሳችሁ ሳትከፍቱ ፍሪጅ ውስጥ አስገቡት። ማቀዝቀዣው በረዶ የሚሠራበት ክፍል ካለው እዚያ ይሻላል። ምክንያቱ ቀላል ነው፦ ሙቀት ሽታውን ያተንነዋል፣ ቅዝቃዜ ይይዘዋል። ፍሪጅ ከሌላችሁ በብዛት አትግዙ፤ ለአንድ ዙር የሚበቃችሁን ብቻ ያዙ። ምግብ ካለበት ለይታችሁ፣ ልጆች የማይደርሱበት ቦታ ይሁን።

ደረጃ 3፦ ከችግኙ ቀድማችሁ ድረሱ

ሰው ሁሉ ወጥመድ የሚያስታውሰው ቅጠሉ ተበልቶ ሲያይ ነው። ያኔ ዘግይቷል። ወጥመዱ መቆም ያለበት ችግኝ ከመዘዋወሩ 1 ወይም 2 ሳምንት በፊት ነው። የችግኝ መደብ ካላችሁ ደግሞ መደቡ አጠገብ ቀድሞ ይቁም።

ለምን? ውድድሩን አስታውሱ። ማሳው ባዶ ሳለ የእናንተ ጎማ ብቸኛዋ «ሴት» ናት። በአካባቢው ያለ ወንድ ሁሉ የሚያገኘው እሷን ነው። ቱታ ደግሞ ቶሎ ትባዛለች። አንዲት ሴት በሕይወቷ እስከ 260 እንቁላል ልትጥል ትችላለች። ከእንቁላል እስከ በራሪ ለመድረስ በ14 ዲግሪ ሴልሺየስ 76 ቀን ገደማ ይፈጅባታል፤ በ20 ዲግሪ 40 ቀን፤ በ27 ዲግሪ ግን 24 ቀን ብቻ። ቆላ ላይ ያላችሁ ሰዎች በአንድ የቲማቲም ወቅት ውስጥ ሦስተኛውን ትውልድ ታያላችሁ ማለት ነው። ሁለት ሳምንት መቅደም ትልቅ ነገር ነው።

ደረጃ 4፦ ሳፋውን አዘጋጁ

ከሳፋው ጠርዝ 3 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ብላችሁ በጋለ ምስማር በዙሪያው ጥቂት ትናንሽ ቀዳዳዎች ብሱ። ዝናብ ሲመጣ ትርፉ ውሃ በዚያ ይወጣል። ካልበሳችሁ ውሃው ሞልቶ ጎማውን ይነካል፣ የያዛችሁትም ተንሳፍፎ ይፈስሳል።

ውሃውን ከቀዳዳዎቹ ትንሽ ዝቅ እስኪል ሙሉት። ከዚያ አንድ የሻይ ማንኪያ የማይሞላ ፈሳሽ ሳሙና ጨምሩና ቀስ አድርጋችሁ አዋህዱ። አረፋ አያስፈልግም። ሳሙናው የሚያስፈልገው ይቺ የእሳት እራት በጣም ቀላል ስለሆነች ነው። ርዝመቷ ከ5 እስከ 7 ሚሊ ሜትር ነው፤ ክንፏም በብናኝ ቅርፊት የተሸፈነ ነው። ተራ ውሃ ላይ ብታርፍ የውሃው ገጽ ይሸከማታል፤ ተፍጨርጭራ ትነሣለች። ሳሙና የገባበት ውሃ ግን አይሸከማትም፣ ወዲያው ትሰምጣለች።

ውሃ ቶሎ በሚደርቅበት ቦታ ላይ ከሆናችሁ በሳሙናው ፋንታ ስስ የምግብ ዘይት ከላይ ማፍሰስ ይቻላል። ዘይቱ ትነቱን ይቀንሳል። መቁጠሩ ግን ትንሽ ያስቸግራል፣ ሁሉ ነገር ይጣበቃል።

ደረጃ 5፦ ጎማውን ስቀሉ

እዚህ ጋ አትቸኩሉ። ጓንት አድርጉ። በባዶ እጅ አትንኩት። የእጅ ላብና ቅባት፣ ሽቶ፣ ሲጋራ፣ ከሁሉም በላይ የመድኃኒት ቅሪት ጎማው ላይ ይቀራል። ወንዱ የሚያነበው የሽታውን ቅልቅል ስለሆነ በላዩ የተቀባ ባዕድ ነገር ሊያበላሸው ይችላል። ተምችና ቱታ ሁለቱንም የምታጠምዱ ከሆነ ለየራሳቸው የተለየ ጓንት ይኑራችሁ።

ማሸጊያው ላይ ያለውን መመሪያ አንብቡ። አንዳንዱ ፌሮሞን በትንሽ ከረጢት ተዘግቶ ይመጣል፤ ከረጢቱ ራሱ ሽታ የሚያሳልፍ ስለሆነ እንዳይቀደድ ተብሎ ይጻፍበታል። ጎማው ራቁቱን ከሆነ ቀጭኑን ሽቦ አሳልፋችሁ አፉ ወደ ታች እንዲሆን አንጠልጥሉት። አፉ ወደ ላይ ከሆነ ዝናብ ይጠራቀምበታል።

ጠንካራውን ሽቦ በሳፋው አፍ ላይ አጋድሙና ጎማውን መሐል ላይ ስቀሉት። ከውሃው በላይ 2 ወይም 3 ሴንቲ ሜትር ይራቅ። ርቀቱን በጣታችሁ ለኩት፤ ሁለት ጣት ቢገባ ይበቃል። ውሃውን ከነካ ሽታው አይተንም። ከፍ ካለ ደግሞ ወንዱ ጎማውን ይዞረዋል እንጂ ውሃው ውስጥ አይወድቅም። የሚወድቀው ጎማው አጠገብ ደርሶ «ሴቷን» ለመንካት ሲሞክር ነው።

ከጎማው በላይ 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ አድርጋችሁ ትንሿን ጣሪያ እሰሩ። ቀጥታ ፀሐይ ጎማውን ካጋለው የሳምንታት ሽታ በጥቂት ቀን ያልቃል። ጣሪያዋ ከላይ ብቻ ትሁን፤ ጎኑን አትዝጉት፤ ነፋስ ማለፍ አለበት።

ደረጃ 6፦ ቦታ ምረጡ

ነፋሱን እወቁ። እንጨት ላይ ቀጭን የፌስታል ክር እሰሩና ማሳው ውስጥ ትከሉ። ከዚያ ጠዋት፣ ሊነጋ ሲል ወይም እንደነጋ፣ ክሩ ወዴት እንደሚያጋድል እዩ። የቀትሩን ነፋስ ተዉት። የቱታ ወንዶች በብዛት የሚበሩት በማለዳ ነው። ብዙ ቦታ የማለዳው ነፋስና የቀትሩ ነፋስ አቅጣጫቸው ይለያያል፤ ሰውም የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

አሁን ወጥመዱን ነፋሱ በሚመጣበት በኩል፣ ከማሳው ጠርዝ ትንሽ ገባ አድርጋችሁ አስቀምጡ። ሽታው በማሳው ላይ አልፎ ይሄዳል፤ ማሳው ውስጥ ያለ ወንድም ያገኘዋል። ነፋሱ በሚወጣበት ዳር ብታስቀምጡት ሽታችሁ በቀጥታ ወደ ጎረቤት ማሳ ይሄዳል።

ከፍታው ዝቅ ይበል። ሳፋውን በጡብ ላይ ወይም መሬት ላይ አስተካክላችሁ አኑሩት፤ ጎማው ከመሬት ከ20 እስከ 40 ሴንቲ ሜትር መካከል ቢሆን ጥሩ ነው። ቱታ ዝቅ ብላ የምትበር ነፍሳት ናት፤ ፑፓዋም (ትሏ ወደ በራሪ ስትለወጥ የምትቆይበት ቅርጽ) ብዙ ጊዜ አፈር ውስጥ ስለሆነ አዲሶቹ ወንዶች የሚነሡት ከመሬት ነው። በሳፋው ዙሪያ ግማሽ ሜትር ያህል አረሙን ንቀሉ። ጥቅጥቅ ያለ ሣር ሽታውን ያግደዋል።

በነገራችን ላይ ጥቁር አውጥ፣ እምቧይና አጠፋሪስ በማሳው ዳር ካሉ ንቀሏቸው። የቲማቲም ዘመዶች ናቸው፤ ቱታ ቲማቲም በሌለበት ወቅት እነሱ ላይ ትቆያለች።

ደረጃ 7፦ ስንት ወጥመድ?

ሁለት ዓላማ አለ፤ አታደባልቋቸው።

መከታተል ብቻ ከሆነ፣ ማለትም «ቱታ መጣች ወይ? እየበዛች ነው ወይ?» ለማለት፣ ለሄክታር ከ2 እስከ 4 ወጥመድ ይበቃል። ለጓሮ አንድ ሳፋ ከበቂ በላይ ነው።

ወንዶቹን በብዛት አጥምዶ ለመቀነስ ከሆነ ለሄክታር ከ20 እስከ 40 ያስፈልጋል። ለአንድ ጥማድ (ሩብ ሄክታር) ሲሰላ ከ5 እስከ 10 ነው፤ በመካከላቸው ከ16 እስከ 22 ሜትር ይራራቃሉ። እውነቱን ልንገራችሁ፤ ይህን ያህል ጎማ መግዛት ለብዙ ሰው ውድ ነው። አቅሙ ከሌላችሁ በ6 ወጥመድ ሄክታር ሙሉ «አጠምዳለሁ» ከማለት በ3 ወጥመድ በደንብ ተከታትሎ በጊዜ እርምጃ መውሰድ የተሻለ ነው።

ብዛቱ የሚያስፈልገው አንድ ወንድ ከብዙ ሴቶች ጋር ስለሚገናኝ ነው። ግማሾቹን ወንዶች ብትይዙ የቀሩት ግማሾች ሴቶቹን ሁሉ ሊያዳርሱ ይችላሉ። እንቁላሉ የሚቀንሰው አብዛኞቹ ወንዶች ሲያዙ ነው።

ደረጃ 8፦ ቁጠሩና ጻፉ

በሳምንት ሁለት ጊዜ፣ ሁልጊዜ በተመሳሳይ ቀን። ውሃውን በማጥለያው አሳልፉና የቀረውን ነጩ ሳህን ላይ ዘርጉት። ቱታ ግራጫ ናት፤ ክንፏ ላይ ጥቁር ነጠብጣቦች አሏት፤ አንቴናዋ እንደ ክር ረጅምና ቀጭን ነው። ዝንቡን፣ ትንኙን፣ ትልቁን የእሳት እራት ለዩና አስወግዱ። አንድ ላይ ከቆጠራችሁ ቁጥሩ ዋጋ የለውም።

ደብተሩ ላይ ቀኑን፣ የወጥመዱን ቁጥር፣ የተያዙትን ብዛት፣ ጎማው የተቀየረበትን ቀንና ዝናብ መኖር አለመኖሩን ጻፉ። የመጨረሻዎቹ ሁለቱ የሚጻፉት በምክንያት ነው። ጎማው ገና አዲስ ሲሆን ቁጥሩ ይጨምራል፣ ሲያረጅ ይቀንሳል፤ በዝናባማ ማለዳ ደግሞ ወንዱ ብዙም አይበርም። እነዚህን ካልጻፋችሁ የጎማውን ማርጀት «ቱታ ጠፋች» ብላችሁ ታነቡታላችሁ።

መሥራት አለመሥራቱን በዓይናችሁ ማየት ከፈለጋችሁ ገና ሳይነጋጋ ሂዱና ነፋሱ ወደሚሄድበት በኩል ከሳፋው ጥቂት እርምጃ ራቅ ብላችሁ ቁጢጥ በሉ። ቱታ ካለች ትናንሽ ግራጫ ነገሮች በቅጠሎቹ መካከል ዝቅ ብለው፣ ግራና ቀኝ እየተወዛወዙ ወደ ሳፋው ሲመጡ ታያላችሁ። ጎማው አጠገብ ሲደርሱ ክንፋቸውን እያርገበገቡ ይዞሩታል። ሽታውን ተከትሎ መብረር ማለት ይህ ነው።

ደረጃ 9፦ ውሃውና ጎማው

ውሃውን በየሳምንቱ ለውጡ። የሞቱት ነፍሳት ሲበሰብሱ ይሸታሉ፤ ውሃውም ይወፍራል። ሌላም ምክንያት አለ። በቆላ ሳሙናው ያለቀበት የተኛ ውሃ የትንኝ መራቢያ ነው። ለቱታ ብላችሁ ወባ አታርቡ።

ጎማውን ከ4 እስከ 6 ሳምንት ባለው ጊዜ ቀይሩ። ሙቀት ባለበት 4ን አትለፉ። አሮጌውን ጎማ ግን ማሳው ውስጥ አትጣሉት! ጥቂትም ቢሆን ሽታ ይቀረዋል፤ ወንዱን ወደ መሬት ይጠራዋል፣ ወጥመዱ ይሳታል። በፌስታል ጠቅልላችሁ፣ አፉን አስራችሁ ከማሳው አውጡት። የአዲሱን ማሸጊያም እንዲሁ።

ደረጃ 10፦ ቁጥሩን ወደ ሥራ ለውጡ

ወጥመዱ የሚነግራችሁ ወንዶች መኖራቸውን ነው። ጉዳቱን የሚነግራችሁ ቅጠሉ ነው። ስለዚህ ቁጥሩ ሲጨምር፣ ለምሳሌ ባለፈው ሳምንት 6 የነበረው 15 ሲሆን፣ ወደ ቅጠሉ ሂዱ።

ማሳውን በዚግዛግ አቋርጡና ከተለያየ ቦታ 25 እግር እዩ። ከላይኛው ሲሶ ጀምሩ፤ ሴቷ እንቁላል መጣል የምትወደው እዚያ ነው። ቅጠሉን ገልብጡ። እንቁላሉ ግማሽ ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም፤ ቀለሙ ከወተት ወደ ቢጫ ያደላል። ቀጥሎ የነጡትን ቦታዎች ከፍታችሁ ትሏ በሕይወት መኖሯን እዩ። ባዶ ቁስል የድሮ ነው፤ አትቁጠሩት።

ወጥመዱ የሚጠቅመው እዚህ ጋ ነው። እንቁላሉ ከ4 እስከ 6 ቀን ባለው ጊዜ ይፈለፈላል፤ ትሏም እንደተፈለፈለች ብዙ ሳትቆይ ቅጠሉ ውስጥ ትገባለች። ከገባች በኋላ ከላይ የሚረጭ አብዛኛው መድኃኒት አያገኛትም። የወጥመዱ ቁጥር ሲዘል ግን ትናንሾቹ ትሎች የሚወጡበትን ሳምንት አስቀድማችሁ ታውቃላችሁ። እርምጃ የሚወሰደው ያኔ ነው፦ የተጎዱ ቅጠሎችን ለቅሞ ጥቁር ፌስታል ውስጥ አስሮ ፀሐይ ላይ ማስቀመጥ፣ ካስፈለገም መርጨት። የምትረጩትን ከቀበሌያችሁ የግብርና ባለሙያ ጋር ተነጋግራችሁ ለቱታ ከተፈቀደው ምረጡ። አንዱን መድኃኒት ደጋግማችሁ አትርጩ፤ ቱታ መድኃኒት በመላመድ የታወቀች ናት። ከርጭት እስከ ለቀማ ያለውን ቀንም ጠብቁ።

ማስጠንቀቂያ

- ውሃው ውስጥ ፀረ ተባይ አትጨምሩ። ሽታው ከፌሮሞኑ ጋር ይደባለቃል፤ ዶሮ፣ ፍየል ወይም ሕፃን ሊጠጣው ይችላል። ሳሙናው ይበቃል።
- ለወጥመድ ያዋላችሁትን ሳፋ ለልብስም ለምግብም አትመልሱት። ምልክት አድርጉበት።
- ከብት የሚያልፍበት ቦታ ከሆነ ሳፋውን በእሾህ አጥር ክበቡ።
- ቢጫ ሳፋ አይሁን ያልኩት ንቦችን ስለሚስብ ነው። ንብ ከገባ ሳፋውን ለውጡ፤ የምታጡት ማር ብቻ አይደለም።
- ስትረጩ ወጥመዱን ሸፍኑ ወይም አንሡ። ጎማው ላይ መድኃኒት ካረፈ ቀይሩት።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው

*«ወጥመዱ ከጎረቤት ቱታ ይስብብኛል።»* የሚስበው ወንዶችን ነው። ወንድ እንቁላል አይጥልም። የመጣው ወንድ ሳፋው ውስጥ ከቀረ የጎደለባችሁ ነገር የለም።

*«ብዙ ይዟል፣ ስለዚህ መርጨት አያስፈልግም።»* ሳፋው ሙሉ መሆኑ ማሳው ውስጥ ብዙ መኖራቸውን ነው የሚያሳየው። ሌላ ማሳ ላይ ተገናኝታ፣ እንቁላል ይዛ በርራ የምትገባ ሴትም አለች፤ የእናንተ ጎማ እሷን አያስቆማትም። ቤተ ሙከራ ውስጥ እንዲያውም ያለ ወንድ እንቁላል ጥለው ዘር የተኩ የቱታ ሴቶች ተገኝተዋል። ቅጠሉን ሳታዩ አትወስኑ።

*«ቁጥሩ ቀነሰ፣ ቱታ አለቀች።»* መጀመሪያ ጎማው ስንት ሳምንቱ እንደሆነ እዩ። ቀጥሎ ቅጠሉን። ቅጠሉ በትል ተሞልቶ ወጥመዱ ከቀነሰ፣ እውነተኞቹ ሴቶች በዝተው ጎማችሁ ተሸንፏል ማለት ሊሆን ይችላል።

*«ሁለት ጎማ አንድ ሳፋ ላይ ብሰቅል ሁለት እጥፍ ይይዛል።»* አይይዝም። ሽታው ከሚገባው በላይ ሲበዛ ወንዱ ምንጩን ለማግኘት ይቸገራል። ሁለተኛውን ጎማ ለሌላ ሳፋ ስጡት።

*«ለቀማ ስላለቀ ወጥመዱን ላንሣ።»* ገና ነው። በማሳው የቀረው ግንድና የወደቀ ፍሬ በትልና በፑፓ የተሞላ ነው። መጀመሪያ እሱን ነቅላችሁ ቅበሩ ወይም አቃጥሉ። ቀጣዩን ቲማቲም እዚያው ላይ ከመትከላችሁ በፊት ቢያንስ 6 ሳምንት ይለፍ፤ ቢቻል ሽንኩርት፣ ጎመን ወይም በቆሎ ይግባበት። በእነዚህ ሳምንታት አንድ ሳፋ ከአዲስ ጎማ ጋር ማሳው ላይ ይቆይ። ከአፈር የሚወጡት የመጨረሻዎቹ ወንዶች እስኪያልቁ ቁጥሩን ጻፉ።